የኢንሺራህ ዒዳ

መላዊ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2001

ለእህቴ ለዶክተር ሱሄር፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ያልኩሽ ደብዳቤ በደህና ይጀመራል ተብለን ስለተማርን ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እውነት ነው ወይ ላልሽኝ፣ እውነት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሚትዋሊ ከዙሁር ሶላት ተመልሶ ደረጃው ላይ ቆመና "ፈትቼሻለሁ" አለኝ። አንድ ጊዜ ነው ያለው፣ ሦስቴ አላለም። እናቱ ሐጃ ሰኒያ ከታች ሆና ትሰማ ነበር፤ እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት።

በምን ምክንያት ላልሽው ግን፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትጠይቂኝ? ልጅ ስላጡ ባለትዳሮች የጻፍሽው በፈረንጅኛው የሐኪሞች መጽሔት ቢቀር ማንም አያነበውም ነበር። ጋዜጣው የጤና ገጹ ላይ በዐረብኛ አሳጥሮ ከነፎቶሽ አወጣው። ፋርማሲስቱ ቡትሮስ "የሰፈራችን ልጅ" ብሎ ኮርቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈው፤ ሰውዬው ክፋት የለውም። ሰው ሁሉ ኪኒን ሊገዛ ገብቶ አነበበው። "ታካሚ ቁጥር ሰባት። ባል የአርባ ስድስት ዓመት፣ በአንዲት የሚኒያ አውራጃ ከተማ የሰርግ ወንበርና መብራት አከራይ። በሃያ ዓመቱ፣ ለውትድርና በተጠራበት ሳምንት ጆሮ ደግፍ ይዞት ዘሩ የደረቀ። ሚስት ፍጹም ጤነኛ፤ አሥራ አራት ዓመት ጥፋቱን በራሷ ላይ ወስዳ የባሏን ገመና የሸፈነች።"

ስም የለበትም፣ አየሁ። ስም ምን ይሠራለታል? መላዊ ውስጥ የሰርግ ወንበር የሚያከራይ ስንት ሰው አለ? ጉንጩ አብጦ ከውትድርና ጣቢያ የተመለሰውስ? ያኔ የሳቁበት ሁሉ ዛሬም በሕይወት አሉ።

ያን ሁሉ የነገርኩት ለእህቴ ነበር፣ ወጥ ቤትሽ ቁጭ ብለን የሞሎኪያ ቅጠል ለወጥ እየቀነጠስን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ላብራቶሪያችሁ ውስጥ በብርድ የተኙ ሦስት ፅንሶች አሉኝ። ከሚትዋሊ በመርፌ ፈልጋችሁ በስንት መከራ ያገኛችሁት ነው። እኔም አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሌላ አይኖረኝም። ዒዳዬ እስኪያልቅ፣ ሦስት ጊዜ ደም አይቼ እስክነጻ ድረስ፣ በቤቱ ነኝ፤ በሕግም ሚስቱ ነኝ። አንዲት ቃል ተናግሮ ሊመልሰኝ ይችላል። ሸይኹን አስጠይቄያለሁ፤ ሚስቱ እስከሆንኩ ድረስ ፅንሶቹም አልተከለከሉብኝም ብለዋል። ካይሮ እመጣለሁና አስገቢልኝ። ዒዳው ካለፈ እንደምትጥሏቸው የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

ስልክ አትደውዪ። ስልኩ ያለው ሐጃ ሰኒያ ራስጌ ነው።

ኢንሺራህ


ካይሮ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2001

እታለሜ ኢንሺራህ፣

በምን አፌ ልጀምር? ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ወረቀት አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ጽሑፉ የአርባ ሁለት ጥንዶች ታሪክ ነው። ሰባተኛውን ነጥሎ ያወጣው ጋዜጠኛው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ የጻፍኩት እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ምን ተሸክመው እንደሚኖሩ ሰው እንዲያውቅላቸው ብዬ ነው። የትም ቦታ ስምሽን አልጠራሁም። ይህን ስልሽ ደግሞ እንደማይረባ አውቃለሁ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር እውነቱን ልንገርሽ። አይሆንም። በዕለቱ ባልና ሚስት አብረው ቀርበው፣ የጋብቻ ወረቀት አሳይተው፣ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ያለ ባል ፊርማ እዚህ ቤት አንዲት ጠብታ አትነካም። የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ሌላውን በዚህ ስቀጣ ኖሬ ለእህቴ ሲሆን ብጥሰው ምን እባላለሁ? እሱን አምጪልኝ፣ የቀረውን ለኔ ተዪው።

የምትወድሽ ሱሄር


መላዊ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2001

ሱሄር፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ከት ብዬ ሳቅኩ። ሐጃ ሰኒያ ከታች ሰምታኝ "ይኸው አበደች" አለች።

ያለ ባል ፊርማ አንዲት ጠብታ አትነካም? ወይ የኔ እመቤት! የሰውዬውን ጠብታ በመነጽር ቆጥረሽ "ባዶ ነው" ብለሽ ለዓለም ስታውጂበት ፊርማው የት ነበር? የኔስ? አንዲት ቃል ጠይቀሽኛል? ለወሬ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም፣ ለልጅ ሲሆን ማኅተም ይቀራል። ጉድ ነው መቼም።

እንዴት እንደምንኖር ልንገርሽ፤ በሥርዓቱ ነው የምንኖረው። እኔ ላይ ቤት ነኝ፣ እሱና እናቱ ታች ናቸው። ምሳውን ደረጃው ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ ሳህኑ ተጠርጎ ይመለሳል። ሰውዬው እኔን አልጠላኝም ሱሄር። የሚሞተው ከበር ሲወጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ሰርግ ወንበር ሊያቆም ሄዶ የሙሽራው ጓደኞች "ኡስታ ሚትዋሊ፣ አደራ፣ ወንበሩ ላይ እንዳትቀመጥበት፣ ሙሽራው ልጅ ይፈልጋል!" ብለው ተሳሳቁበት። በደህናው ቀን ቢሆን እንዲህ ያለውን አፍ በጥፊ ነበር የሚመልሰው። ዕቃውን መልሶ ጭኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሱቁን የሚከፍተው ግማሽ ቀን ነው።

አምጪልኝ ትዪኛለሽ። በምን ገመድ ጎትቼ?

ኢንሺራህ


ካይሮ፣ ማርች 3 ቀን 2001

እታለሜ፣

እንኳን ለአረፋ አደረሰሽ። ትንሽ ጨርቅ ልኬልሻለሁ፣ ለቀሚስ ይበቃል።

ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። አጎታችን ረሻድ ለበዓሉ መላዊ ይወርዳል። ከሚትዋሊ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲነጋገር ለምኜዋለሁ። ሚትዋሊ የሚፈልገውን ይናገር። ምንም ይሁን ምን አደርገዋለሁ፣ ወላሂ።

ሱሄር


መላዊ፣ ማርች 10 ቀን 2001

ሱሄር፣

ጨርቁ ደርሷል። ቀለሙ የልጃገረድ ነው፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ።

አጎታችን ሁለት ቀን ሙሉ ታች ቤት ተቀምጦ ለመነው። ሚትዋሊ መጨረሻ ላይ የተናገረውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። "እህቷ በዚያው መጽሔትና በዚያው ጋዜጣ 'ቁጥር ሰባት ያልኩት ስህተት ነው' ብላ ትጻፍ። ጽሑፉ በወጣበት ቀን ኢንሺራህን እመልሳታለሁ። ካይሮ ድረስ ይዣት ሄጄም እፈርማለሁ።" አጎቴ ፊት ቁርኣን ጨብጦ ማለ። አጎቴ "ዛሬ መልሳትና ልጅቷ ነገ ትጻፍ" ቢለው "እንደሷ ያለች ነገ አትጽፍም" አለ።

የኔን ሐሳብ ደግሞ ይኸው። ውሸት ጻፊ እያልኩሽ ነው፣ አውቃለሁ። የተማርሽበትንም፣ የማልሽበትንም አውቃለሁ። ግን እኔ አሥራ አራት ዓመት "እምቢ ያለው የኔ ሆድ ነው" እያልኩ ዋሽቻለሁ። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ ሐጃ ሰኒያ እግር ሥር ዋሽቻለሁ፤ አልሞትኩም። አንቺ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሺልኝ።

ምንም ይሁን ምን አደርገዋለሁ ብለሽ ምለሻል።

ኢንሺራህ


ካይሮ፣ ማርች 19 ቀን 2001

እታለሜ፣

እሺ። እጽፋለሁ።

ረቂቁ ተጽፎ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። "የቁጥር ሰባት መረጃ በስህተት የገባ ነው" ይላል። ሚትዋሊ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ አይመስለኝም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ዛሬ የማልልከው ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ኋላ ፊት ለፊት እነግርሻለሁ። ከዒዳሽ በፊት ይወጣል። ቆጥሬያለሁ። መቁጠሩን ለኔ ተዪው፣ ሥራዬ ነው።

ዕንቅልፍሽን ተኚ። ሰውነትሽ ለዚያ ቀን ደህና ይሁን። ብይ፣ አትዘኚ።

ሱሄር


መላዊ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2001

ሱሄር፣

ሦስተኛው ትናንት መጣ። አርብ እነጻለሁ። ከዚያ ወዲያ ዒዳ የሚባል የለኝም።

የታለ ጽሑፍሽ? በየማለዳው ሚትዋሊ ከጥግ ካለው ኪዮስክ ጋዜጣ ሲገዛ ከመስኮት አየዋለሁ። የጤና ገጹን ገልጦ ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ያጥፈዋል፣ በብብቱ ሸጉጦ ይሄዳል። ድሮ ጋዜጣ ለመብራት አምፖል መጠቅለያ እንጂ ለንባብ ገዝቶ አያውቅም። እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ፣ ሁለታችንም ያንቺን አንዲት ገጽ እየጠበቅን ነው።

ይህን ወረቀት ለካይሮ ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፣ ነገ ሆስፒታሉ በር ላይ ያደርስልኛል። እንዳነበብሽ ለጋዜጣው ላኪ። አደራ፣ የእናቴ ልጅ።

ኢንሺራህ


ካይሮ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2001

ኢንሺራህ፣

ትናንት ከውጭ አገር፣ ከአማን ከተማ ገባሁ። የሐኪሞች ስብሰባ ነበር፣ ያንኑ ጽሑፍ እንዳቀርብ ተጠርቼ ሄጄ ነው። ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ስድስት ቀን ተቀምጧል።

እኔ እስከ ሜይ 3 መስሎኝ ነበር! የሆስፒታላችን ቅጽ "ዒዳ፦ ሦስት ወር" ነው የሚለው። ጸሐፊዋ ከተፈታሽበት ቀን ቆጥራ ሜይ 3 ብላ ጻፈች፣ እኔም በዚያው ሄድኩ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም፣ አፈር ልብላ።

ለምን እንደዘገየሁ አሁን ልንገርሽ፤ ከዚህ ወዲያ ምን እደብቃለሁ? የማዕረግ ኮሚቴው ኤፕሪል 22 ይቀመጣል። ፕሮፌሰርነቴ የሚታየው በዚያ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስህተት አለበት ብዬ በአፌ ብመሰክር አለቀልኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት ነው። ከኮሚቴው በኋላ አሥራ አንድ ቀን ይተርፈኛል፣ ለሁላችንም ይበቃናል ብዬ ነው። አንቺን ልጎዳ ብዬ አይደለም።

አሁንም ላኪ በይኝ፣ ዛሬውኑ እልካለሁ። አንድ ቃል ጻፊልኝ።

ሱሄር


መላዊ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2001

ዶክተር፣

ምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሮብ ዕለት ቡትሮስ ፋርማሲ ሄጄ በሱ ስልክ ሆስፒታል ደወልኩ። "ዶክተር ሱሄር አገር ውስጥ የለችም" አሉኝ። ሐሙስ ከሰዓት ሚትዋሊ ደረጃውን ወጣ። ከፈታኝ ጀምሮ ወጥቶ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሞ "አልወጣም እንዴ?" አለኝ። "አልወጣም" አልኩት። "ነገ ይወጣ ይሆን?" አለኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። "ኢንሺራህ፣ ያለዚያ ወረቀት በምን ፊቴ ነው የምመልስሽ? ምን ብዬ ነው ገበያ የምወጣው?" አለና ጋዜጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አንዲት ቃል ናት የቀረችው፤ ከንፈሩ ላይ ደርሳ ስትመለስ አየኋት። ወረደ።

አርብ ታጠብኩ። ቅዳሜ አጎቴ ቤት ገባሁ።

በአዲስ ኒካህስ አይሆንም ወይ ብለሽ አጎቴን አስጠይቀሻል አሉ። ሸይኽ ጠርቶ፣ ምስክር አቁሞ፣ የመህር ጥሎሽ ቆርጦ፣ ከተማው እያየው? በዝግ በር አንዲት ቃል ያልወጣው ሰው ያን ሁሉ ያደርጋል?

አሁን ስለ ቆጠራሽ እናውራ። የመጽሔቱን ጽሑፍ ቡትሮስ አስመጥቶ እየተረጎመ አነበበልኝ። መጨረሻው ላይ ሠንጠረዥ አለ። ቁጥር ሰባት፣ የወር አበባ፣ "በየ23 ቀኑ" ይላል። አንቺው ነሽ የጻፍሽው። ሃያ ሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ስንት እንደሚሆን ፈረንጅ ሁሉ ያውቃል፣ አንቺ ግን ጸሐፊሽን ጠየቅሽ። በወር የሚቆጠረው ደሟ ለቆመ ሴት ነው። ይህን መላዊ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ሁሉ ታውቀዋለች። እንጀራሽ የሴት ደም መቁጠር ነው፣ የእህትሽን ጊዜ ነው የተሳሳትሽው?

ተሳስተሽ ከሆነ አላህ ይቅር ይበልሽ። ግን አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። አማን ድረስ ሄደሽ ያን ጽሑፍ ስታነቢ፣ ቁጥር ሰባት ላይ ስትደርሺ፣ ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም?

ላኪ በይኝ ብለሻል። አልልሽም። ከእንግዲህ እንዳትጽፊ። ያ ጽሑፍ ቤቴን አፍርሷል፣ አንድ ነገር ግን ትቶልኛል። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ሴቶቹ ገበያ ላይ ሲያዩኝ "ለካ አንቺ አይደለሽም" ይሉኛል። የለቅሶ ቤት ሰው እንኳ ዛሬ ሕፃን ያሳቅፈኛል፤ ድሮ ዓይኔን ፈርተው ይሸፍኑብኝ ነበር። ልጅ ቀረ፣ ባል ቀረ፤ እውነቱ ይትረፈኝ። እሱን እንኳ አትንኪብኝ።

ኢንሺራህ


ካይሮ፣ ሜይ 24 ቀን 2001

እታለሜ ኢንሺራህ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሽ ስላልመለስሽልኝ ይህን በአጎታችን እጅ ልኬያለሁ።

የሰማሽው እውነት ነው፤ ኮሚቴው አጽድቆልኛል። ደስ ያለኝ እንዳይመስልሽ። እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉኝን ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። አላስቻለኝም። ማስተባበያውን ለመጽሔቱም ለጋዜጣውም ላክሁት፤ የጋዜጣው ማክሰኞ ወጥቷል። አትጻፊ ብለሽኝ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ቃሌን ሳልፈጽም ብቀር እንዴት አድርጌ እኖራለሁ? ምናልባትም ሚትዋሊ ሲያየው ልቡ ይራራ ይሆናል። ሦስቱን ፅንሶች እስካሁን አላስነካሁም። ፋይልሽን ከሌላው ለይቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ማንም አያውቅም። ለአንቺ ስል ደንብ ስጥስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ቃል ብቻ፣ እታለም። ስድብም ቢሆን።

ሱሄር


መላዊ፣ ጁን 15 ቀን 2001

ለፕሮፌሰር ሱሄር፣

ሰኞ ካይሮ ነበርኩ። ላብራቶሪ ያለችው ማግዳ "ፕሮፌሰር ላይ ቤት ናት፣ ልጥራልሽ?" አለችኝ። አትጥሪያት አልኳት፤ ስለዚህ በእሷ አትፍረጂ።

የሄድኩት ቅጻችሁ ላይ ያለው ቀን ስላለፈ ሆስፒታሉ ስለጠራኝ ነው። የማስወገጃው ወረቀት ላይ ሚትዋሊ ቀድሞ ፈርሟል። ጽሕፈቱ ያምራል። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። አንቺ የደበቅሽውን ፋይል እኔ ነኝ ከመደርደሪያው ያስወጣሁት፤ ልጅ እንደ ሌባ ዕቃ ተደብቆ አይቀመጥም። ማግዳ ሦስቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። "ከዚህ ወዲያ የሚደረግ ነገር የለም፣ በራሳቸው ይቀልጣሉ" አለችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ወንበርና ሻይ ሰጠችኝ። እስኪያልቅ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሻዩ ገና ትኩስ ነበር።

ማስተባበያሽ ምን አደረገ ብለሽ አጎቴን ጠይቀሻል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ፤ ያንቺ ጩኸት ግን ሥራ ሠርቷል። ሐጃ ሰኒያ ገጹን በመስታወት አስገጥማ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እንግዳ ሁሉ ሳያነብ ሻይ አይቀርብለትም። ሚትዋሊ ሱቁን ሙሉ ቀን ይከፍታል። ፈረጅ የሚባል የዱቄት ነጋዴ አለ፤ ልጁን ሩቂያን ለሚትዋሊ ሲጠየቅ "ደረቅ ሰው ልጄን አልሰጥም" ብሎ መልሷቸው ነበር። ማስተባበያሽ በወጣ በሳምንቱ ሰጠ። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰርጉ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ሚትዋሊ የገዛ ወንበሩን ለራሱ ያቆማል።

እኔን ደግሞ "ለካ የድሮው ነው እውነቱ፣ መካኗ እሷ ናት" ይሉኛል። "እህቷም ለሷ ብላ ነው የሰውዬውን ስም ያጠፋችው፤ ኋላ አላህን ፈርታ መለሰችው" ይላሉ። ከትናንት ወዲያ ለቅሶ ቤት ብገባ አንዲት እናት ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፈነችብኝ። አልተቀየምኳትም። የተማረ ሰው ጽፎ ያረጋገጠውን እሷ ምን ታድርግ?

አሁን ሩቂያን አስቢያት። ዓመት ሳይሞላት ወደ አንቺ ያመጧታል፤ መላዊ ከአንቺ ሌላ የማኅፀን ሐኪም አታውቅም። ሐጃ ሰኒያ በር ላይ ትጠብቃታለች። ልጅቷ ከፊትሽ ቁጭ ብላ "ችግሩ ከኔ ነው" ትልሻለች፤ እንዲህ በይ ተብላ ነው። አንቺ ደግሞ ሰውዬው ምንም እንደሌለበት ፈርመሽ ጽፈሻል። ያን ቀን ምን እንደምትመልሺላት ካሁኑ አስቢበት። ለኔ መጻፍሽን ግን ተዪው።

ኢንሺራህ